ስለ ርካሹ ቶርክ ሬንች ታማኝነት፤ ለሐይቅና ለአምባሰል የቤት መካኒክ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ በሐይቅም ሆነ በውጫሌ፣ ባጃጁን ከደጁ አቁሞ ራሱ የሚጠግን ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። መሣሪያው ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ጥቂት ቁልፎች ናቸው፤ ቡሎኑ መጥበቁን የሚነግረው ክንዱ ነው። ከዚህ ግምት ለመውጣት ርካሽ ቶርክ ሬንች ልግዛ ያለ እንደ ሆነ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንደኛው፣ ርካሽ ከሆነ ከክንድ አይሻልም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከሳጥኑ ውስጥ ያለውን የምስክር ወረቀት አሳይቶ ነገሩን ይዘጋል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ነገሩን አልመረመሩትም።

ኢሶ 6789 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እስከ 10 ኒውተን ሜትር ለሚያጠብቅ መሣሪያ 6 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 4 በመቶ ስሕተት ይፈቅዳል። በርካሾቹ ሳጥን ላይም ይኸው 4 በመቶ ተጽፎ ይገኛል። ይሁን እንጂ ቃሉ የሚጸናው በመሣሪያው የልክ ክልል ውስጥ ብቻ ነው። በብዛት የሚሸጠው ባለ ግማሽ ኢንች ራስ ከ28 እስከ 210 ኒውተን ሜትር ይላል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን የሚፈልገው ወደ 10፣ ባለ 8ቱ ወደ 25 ነው፤ የባጃጅ ሞተር ደግሞ በአብዛኛው የተያያዘው በእነዚሁ ነው። እንግዲህ ሰውየው ለመኪና ጎማ የተሠራውን ይዞ የሞተር ክዳን ያጠብቃል፤ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ሲጠባበቅ ቡሎኑ ይበጠሳል። በዚህ ዋጋው ምንም ጥፋት የለበትም፤ ውድ የሆነውም በዚያው ክልል ከተሠራ አያድነውም።

የምስክር ወረቀቱም ቢሆን የሚናገረው ስለ ተመረመረበት ቀን ነው። የሥነ ልክ ተቋሙ ያለበት አዲስ አበባ ከሐይቅ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ለአንድ ቁልፍ የሚሄድ የለም። ነገር ግን ሞርሳ፣ ጀሪካንና የገበያ ሚዛን ያለው ሰው ራሱ ሊፈትነው ይችላል። መሣሪያውን 80 ላይ አድርጎ፣ አራት ማዕዘን ራሱን በሞርሳ ነክሶ አግድም ያስይዘዋል፤ ከራሱ 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ በእጀታው ላይ ጀሪካን ያንጠለጥላል፤ ቀጭ እስኪል ድረስም ውሃ ቀስ እያደረገ ይጨምራል። እያንዳንዱ ኪሎ 3.9 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ብዙዎች የሚረሱት የመሣሪያውን የራሱን ክብደት ነው፤ 1.2 ኪሎ ቢመዝንና የክብደቱ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን 2.3 ኒውተን ሜትር ይጨምራል፤ ይህም ከተፈቀደው ስሕተት ወደ ሦስት አራተኛ ይጠጋል። ይህን ካሰብን ቀጭ ማለት ያለበት ጀሪካኑና ውሃው በአንድነት 20 ኪሎ ገደማ ሲሆኑ ነው፤ ከ19 በታች ወይም ከ20.7 በላይ ከሆነ ከልክ ወጥቷል። (የሐይቅ ከፍታ ስበትን ይቀንሳል የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ እርግጥ ነው፣ በዚያ ስበቱ ወደ 9.78 ነው፤ ከተለመደው 9.81 ያለው ልዩነት ግን ከአንድ በመቶ ሲሶው ነው።)

ሁለት ቋንቋ ስላለው የውጫሌ ውል የአምባሰል ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በጣልያንኛ አንድ አልነበረም። በብዙ ቶርክ ሬንቾች ላይም ፉት ፓውንድና ኒውተን ሜትር ጎን ለጎን ተቀርጸዋል፤ 100 ኒውተን ሜትር የሚያስፈልገውን ጎማ በፉት ፓውንድ 100 ያጠበቀ ሰው ወደ 136 አድርሶታል። ከዚህ ስሕተት ጋር 4 በመቶ ምን ያህል ነው?

ዋናው ግን ሰበቃ ነው። ቡሎን ስናጠብቅ ከኀይላችን 90 በመቶ ያህሉ በጥርሱና ከራሱ ሥር ባለው ሰበቃ ያልቃል፤ ቡሎኑን የሚወጥረው ቀሪው 10 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ፍጹም ቢሆን እንኳ የቡሎኑ ውጥረት 25 በመቶ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል፤ ዘይት የተቀባ ቡሎን በዚያው ልክ ቢጠብቅ ከደረቁ በሲሶ ያህል ሊወጠር ይችላል። አቧራ የገባበትን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ሳይጠርጉ ስለ 4 በመቶ መከራከር ቅንጦት ነው።

ለቤት መካኒክ እኔ የምመርጠው ቀጭ የሚለውን ሳይሆን ዘንጉ ሲታጠፍ በጠቋሚ የሚያሳየውን ዓይነት ነው። የሚደክም ጥምዝምዝ ሞላ የለውም፤ ጠቋሚው ከዜሮ ቢወጣም በዓይን ይታያል፤ በእጅ ይመለሳል። ቀጭ የሚለውን የገዛ ግን ሥራውን ሲጨርስ ሞላውን እስከ ዝቅተኛው ምልክት ያላላ።