አሥሩ ሜትር

አሶሳ ገበያ የሚሸጥ የሶላር ፓኔል ላይ የአሶሳ እጅ የለበትም። መስተዋቱም፣ የአሉሚኒየም ጠርዙም፣ ከጀርባው የተለጠፈው የቁጥር ወረቀትም ባሕር ማዶ ካለ ፋብሪካ ወጥተው በጭነት መኪና ተንገላተው የመጡ ናቸው። ባትሪውም እንዲሁ። ስለዚህ ሰው «የእገሌ ሶላር ሥራ ያምራል» ሲል፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የሚያደንቀው ሁለቱን ዕቃዎች ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን ነው፦ ከጣሪያ እስከ ባትሪ የሚወርደውን አሥር ሜትር የማይሞላ ገመድ፣ መገጣጠሚያውን፣ ፊውዙን፣ ብሎኑን።

ይህች አሥር ሜትር ለምን እንደምታስቸግር ለመረዳት ወደ ጉባ ማየት ይበቃል። በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ በደዴሳ አድርጎ ወደ ሆለታ የሚሄደው በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ነው። ቮልቱ እንዲህ የናረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቮልት ሲጨምር ያንኑ ኃይል ለመሸከም የሚያስፈልገው አምፔር ይቀንሳል፤ ሽቦ ውስጥ በሙቀት መልክ የሚባክነው ደግሞ አምፔሩን ተከትሎ ነው፤ አምፔሩ በግማሽ ሲወርድ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። መስመሩ በራሱ ላይ የሚያልፍበት መንደር ግን ማከፋፈያ ጣቢያና ትራንስፎርመር ካልተተከለለት አንድ አምፖል አያበራበትም። ሶላር የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ያውም በ12 ቮልት።

12 ቮልት ርኅራኄ የለውም። 60 ዋት የሚበላ ቴሌቪዥን በ220 ቮልት ከ0.3 አምፔር ያነሰ ይስባል፤ በ12 ቮልት ግን 5 አምፔር። ግማሽ ቮልት መንገድ ላይ ቢቀር በ220 ማንም ልብ አይለውም። በ12 ከመቶ አራት እጅ ሄደ ማለት ነው። የግድቡ መሐንዲስ በከፍተኛ ቮልት የሚያመልጠውን ኪሳራ፣ የአሶሳው ሶላር ሠሪ ማምለጥ የሚችለው በእጁ ጥራት ብቻ ነው።

እዚህ የማወራለት ባለሙያ በአሶሳና በባምባሲ፣ አልፎ አልፎም እስከ ሆሞሻ እየሄደ የሚገጥም ነው። መጀመሪያ ያስገረመኝ ስለ ገመድ ውፍረት የሚከራከረው ክርክር ነበር። ደንበኛው ባለ 1.5 ሚሊ ገመድ ገዝቶ ይጠብቀዋል፤ እሱ ባለ 6 ካልሆነ አልሠራም ይላል። ግትርነት ይመስላል። ስሌቱ ግን ከእሱ ጋር ነው። ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ባለ 100 ዋት ፓኔሎች ጠራራ ፀሐይ ላይ 10 አምፔር ግድም ይሰጣሉ። አሥር ሜትር መሄጃ፣ አሥር ሜትር መመለሻ፣ በድምሩ ሃያ ሜትር መዳብ ነው። በ1.5 ሚሊ ከ2 ቮልት በላይ ይቀራል፤ በ6 ሚሊ ግን 0.6 ቮልት። በዚህ ላይ የመጋቢት ሙቀት አለ። በፋብሪካው ወረቀት ላይ 18 ቮልት የተጻፈበት ፓኔል ያን የሚሰጠው 25 ዲግሪ ላይ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ተኝቶ 65 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 15 ይወርዳል። አሲድ ባትሪ ለመሙላት ደግሞ 14.4 ገደማ ይፈልጋል። ከ15 ላይ 0.6 ሲቀነስ ለጥቂት ይደርሳል። ከ2 ቮልት በላይ ሲቀነስ አይደርስም። ባትሪው በየቀኑ ሊሞላ ሲል ይቀራል፤ ሳይሞላ የሚያድር ባትሪ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ በዓመት በሁለት ዓመት «የቻይና ባትሪ እኮ!» ተብሎ ይጣላል። ጥፋተኛው ጣሪያው ላይ የተዘረጋው ቀጭን ሽቦ መሆኑን ማንም አያይም።

ጣሪያ ላይ ሲወጣ እጁን መከተል ደስ ይላል። ብሎኑን የሚያስገባው ቆርቆሮው ጉብ ባለበት ላይ ነው፤ ጎድጓዳው ላይ ቢበሳ የክረምቱ ውኃ በዚያው ቤት ይገባል። ከብሎኑ ሥር ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠች ክብ ያስቀምጣል። በፓኔሉና በቆርቆሮው መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት ይተዋል፤ ነፋስ እንዲያልፍና ያ 65 ዲግሪ ትንሽ እንዲበርድ። ገመዱ ግድግዳ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ ጎበጥ ብሎ ይወርድና እንደገና ወደ ላይ ይመለሳል። ለጌጥ አይደለም፤ ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ሲወርድ እታችኛው ጉብታ ላይ ደርሶ መሬት ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ኮንትሮለሩ አይገባም። ይህን ጉብታ የማይተው ሠራተኛ ብዙ ነው።

ማዘንበያውም የቦታው ዕውቀት አለበት። አሶሳ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 8 እና ነሐሴ 21 ግድም፣ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች። በመካከሉ ባሉት የክረምት ወራት ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ከአናት 33 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ፓኔሉ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ቢያዘነብል ዓመቱን ሙሉ ያስማማል፤ አቧራውንና በበጋ ሣር ሲቃጠል የሚያርፍበትን ጥላሸት ለማጠብም ዝናቡ ይወርድበታል። እንደ ጠረጴዛ የተነጠፈ ፓኔል ግን ጭቃውን የታችኛው ጠርዝ ላይ ያቁራል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ማንጎ ነው። አሶሳ ያለ ማንጎ ዛፍ ግቢ ብርቅ ነው። ክረምት ላይ ሥራ ሲጀምር ጥላው ፓኔሉ ላይ የለም፤ ባለቤቱም «ምን ችግር አለው?» ይላል። እሱ የሚያየው ግን የታኅሣሥን ቀትር ነው። ከፓኔሉ በ6 ሜትር የሚበልጥ ዛፍ ያኔ 4 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ጥላ ይጥላል። ፓኔሉ ውስጥ 36ቱ ሕዋሶች በተከታታይ ስለተያያዙ አንዲቱን ቅርንጫፍ ከሸፈነቻት ጉዳቱ የአንዲቱ ብቻ አይሆንም፤ አብዛኛውን ጊዜ የፓኔሉ ግማሽ ከሥራ ይወጣል። ስለዚህ ዛፉን አያስቆርጥም፣ ፓኔሉን ያዛውራል። የቀርከሃ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ ከግቢው ራቅ ባለ የብረት ቋሚ ላይ ያቆመዋል፤ እንጨት ቢሆን ምስጥ ይበላዋል።

ከታች፣ ባትሪው ዘንድ፣ ሥራው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ፓኔል፤ ሲፈታ በተገላቢጦሽ። ኮንትሮለሩ ቤቱ ባለ 12 ይሁን ባለ 24 ቮልት የሚያውቀው ከባትሪው ነውና ፓኔሉን ቀድሞ የሰጠው ሰው አደናገረው ማለት ነው። ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ ያደርጋል፤ ሾርት ቢሆን የሚቃጠለው እሱ ይሁን፣ ገመዱ አይሁን። የገመዱን ጫፍ ሲልጥ አንዲት የመዳብ ክር አይቆርጥም፤ የመዳብ ቀለበቱን በመጭመቂያ ጨምቆ በኃይል ይጎትተዋል፣ ካልተነቀለ ይቀበለዋል። መጨረሻ ላይ ስስ ቫዝሊን ይቀባዋል። ናስትሮ ብቻ ጠምጥሞ የሚሄድ ሰው ሥራ በመጋቢት ሙጫው ሲቀልጥ ይታወቃል።

ብልሽት ፍለጋ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ይዘገያል። አንዲት እናት ቤት ቴሌቪዥኑ በርቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኢንቨርተሩ እየጮኸ ይጠፋ ነበር።

«ባትሪው ሞቷል ልጄ፤ አዲስ ግዛልኝ» አሉት።

«አልሞተም እማማ፤ ይቆዩ፣ ላሳይዎት።»

ቴስተሩን ባትሪው ላይ አሳረፈ፤ 12.6። ይህን ቁጥር አላመነውም። ሥራ ሳይጫንበት የሚለካ ባትሪ ደህና መስሎ ይታያል። ቴሌቪዥኑን አስበርቶ እንደገና ለካ፤ 12.2፣ ደህና ነው። ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ሲለካ ግን 10.6። ከአንድ ቮልት ተኩል በላይ መንገድ ላይ ቀርቷል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ገመዱን ሁሉ ይነቅል ነበር። እሱ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በአንዱ በፖዘቲቩ መስመር ላይ አሳረፋቸው፤ አንዱን ከፊውዝ ማቀፊያው በፊት፣ ሌላውን ከኋላው። ያው አንድ ሽቦ ስለሆነ ዜሮ ማለት ነበረበት። 1.4 አለ። ማቀፊያውን ሲከፍተው ፕላስቲኩ ጠይሟል፣ የናስ ምላሱ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በ5 አምፔር 1.4 ቮልት 7 ዋት ነው፤ ቤቱን ከሚያበራው የኤል.ኢ.ዲ አምፖል የበለጠ ኃይል እዚያች ጥፍር በምታህል ቦታ እየነደደ ነበር። አሮጌውን ማቀፊያ ለእማማ እጅ ላይ አስቀመጠላቸው፤ ገና ትኩስ ነበር። አዲሱ ማቀፊያ ከአዲስ ባትሪ ጋር የሚወዳደር ዋጋ የለውም፤ አቻ የሌለው ሥራ የምለው ይህን ነው።

አሁን ሊቲየም እየመጣ ነው፤ ይህ ልምዱም በከፊል አይሠራለትም። የሊቲየም ባትሪ ኃይሉ ከግማሽ በታች ሆኖም ከግማሽ በላይ ሆኖም ቮልቱ 13 ምናምን ላይ ቆሞ ይውላል፤ ምን ያህል እንደቀረ በቴስተር ማወቅ አይቻልም። አንዳንዱ ጨርሶ ዜሮ ያሳያል፤ ሞቶ አይደለም፣ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ራሱን ለመጠበቅ ዘግቶ ነው፤ ቻርጅ ሲሰጡት ይነቃል። ይህን ባለማወቅ ደህና ባትሪ የተጣለበት ቤት ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። እሱ ግን ገመድ ሳይቆርጥ ቀጥተኛ ጅረት የሚለካ መቆንጠጫ ቴስተር ገዝቷል፤ ተራው መቆንጠጫ የመብራት ኃይሉን ጅረት ብቻ ነው የሚያነበው። የገባውንና የወጣውን አምፔር መደመር ጀምሯል።

አንድ ነገር ግን አልወድለትም። ሥዕል አያስቀምጥም። የትኛው ገመድ በየት እንደሄደ፣ ፊውዙ ስንት አምፔር እንደሆነ፣ በምን ቀን ስንት ቮልት እንደለካ ወረቀት ላይ የለም፤ ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። በሰሜን ሸዋ ሬማ፣ ከ2,000 በላይ ቤቶች የሶላር መብራት ሲገባላቸው፣ አብሮ የባለሙያ ማሠልጠኛ የተከፈተው አለነገር አይደለም፤ እንዲህ ያለው ዕውቀት ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ ለሌላው መተላለፍ አለበት። እሱ ኩርሙክ ሄዶ ኔትወርክ ሲያጣ ደንበኞቹ ሌላ ሠራተኛ ከመጥራት እሱን መጠበቅ ይመርጣሉ። የሚመጣው ሰው ከየት እንደሚጀምር አያውቅማ።