ኮፈኑን ሳትከፍቱ ፍረዱ

በሞዴል መኪና ውድድር ላይ ጠረጴዛውን የሚከበው ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ተከፈተው ኮፈን ነው። ገመዱ፣ ቱቦው፣ ባትሪው ላይ የተለጠፈችው ደቃቅ ጽሑፍ ሁሉ ያስደንቃል። እኔ ግን ሞተሩን ለመጨረሻ አቆዩት እላለሁ። የሠሪው እጅ የሚታወቀው ከውጭ ነው፤ በፓራፋንጎው መስመር፣ በበሩ ክፍተት፣ መኪናው በአራት እግሩ ላይ ባለው አቀማመጥ። እዚያ የተበላሸን ነገር ሞተሩ ላይ የሚጨመር ምንም ዓይነት ልፋት አያካክሰውም።

የማወራው በተለይ ስለ አሜሪካ የ1950ዎቹ መጨረሻና የ1960ዎቹ የፕላስቲክ ተገጣጣሚ ሞዴሎች፣ ማለት ስለ ኪቶች ነው። ሚሺጋን ውስጥ ትሮይ ከተማ የነበረው ኤኤምቲ የተባለው ኩባንያ መጀመሪያ ስሙን ያስጠራው ለመኪና ሻጮች የማስታወቂያ ሞዴል በመሥራት ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. ያንኑ መኪና ተገጣጣሚ አድርጎ አወጣው፤ የገዛው ሰው ከአንድ ሳጥን ከፈለገ እንደ ፋብሪካው፣ ከፈለገ እንደ ራሱ ምርጫ ለውጦ (ካስተም)፣ ካሻውም እንደ እሽቅድምድም መኪና ይሠራዋል። ዲትሮይት የነበረው ጆ-ሃን፣ ቆይቶም ማውንት ክሌመንስ የተቋቋመው ኤምፒሲ በዚሁ መንገድ ሄዱ። ሦስቱም የመኪና ፋብሪካዎቹ ጎረቤቶች ነበሩ፤ በየዓመቱ የሚያወጧቸውን ሞዴሎች የሚሠሩትም ከፋብሪካዎቹ በሚያገኙት ንድፍ ነበር። ስለዚህ የእነዚህ ኪቶች አጠቃላይ ቅርጽ ብዙ ጊዜ የሚታመን ነው። የጣሪያው ቁልቁለት፣ የጎኑ እብጠት፣ የመብራቱ አቀማመጥ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ በአዲስ ሞልድ ከወጡት ይልቅ የእነርሱ ይበልጣል። የቆጠቡት በዝርዝሩ ላይ ነው። ወፍራም ፕላስቲክ፣ ከሻንሲው ጋር አብሮ የተቀረጸ ጭስ ማውጫ፣ በአንድ ቁራጭ የወጣ መስታወት የዚያ ዘመን ቁጠባ ናቸው። ጎበዝ የምለው ሠሪ የሞልድ ሠሪውን ቁጠባ ለይቶ የሚያርም፣ ሞልድ ሠሪው በትክክል የሠራውን ደግሞ የማይነካ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ለዳኝነት የሚረዳ አንድ ስሌት ልስጣችሁ። በ1/25 መጠን፣ ሞዴሉ ላይ ያለች አንዲት ሚሊሜትር እውነተኛው መኪና ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ናት። ኤኤምቲም፣ ሌሎቹ ኪት ሠሪዎች ሬቭልም ሞኖግራምም በየፊናቸው የሠሩትን የ1957 ሼቭሮሌት ቤል ኤር እንውሰድ። እውነተኛው መኪና 5 ሜትር ከ8 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚረዝም በ1/25 ወደ 20 ሴንቲሜትር ይሆናል። የሞዴሉ አካል ውፍረት አንድ ተኩል ሚሊሜትር ቢሆን፣ የመኪናው ላሜራ አራት ሴንቲሜትር ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ይህ ከሁሉ በፊት የሚታየው ጎማው የሚገባበት ቅስት ላይ ነው። ጥሩ ሠሪ የቅስቱን ከንፈር ከውስጥ በኩል ፍቆ ያሳሳዋል፤ ከውጭ ስታዩት ቀጭን ብረት ይመስላችኋል። የኮፈኑን ጠርዝ፣ የፊት አየር ማስገቢያውን አፍ፣ የፓራውልቱን ጫፍም እንዲሁ። ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ነው፤ መኪናውን መኪና የሚያስመስለው ግን እርሱ ነው።

ቀጥሎ የሞልዱን መጋጠሚያ ፈልጉ። ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚገባበት የብረት ሞልድ ከብዙ ክፍሎች የተገጠመ ስለሆነ፣ ክፍሎቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይቀራል። በድሮ ኪቶች መስመሩ የሚሄደው በፓራፋንጎው አናት፣ በአካሉ ማዕዘኖችና በጣሪያው ምሰሶ ላይ ነው። የ57ቱ ቤል ኤር የኋላ ክንፍ ላይ ደግሞ ልክ ስለታሙ ጫፍ ጋ ያርፋል። የሰነፈ ሰው ቀለም ይሸፍነዋል ብሎ ይተወዋል፤ ቀለም ግን ይገልጠዋል እንጂ አይሸፍነውም። የቸኮለ ሰው ደግሞ ሲፈትግ ክንፉን ያደነዝዘዋል፣ ይህም ከመስመሩ የባሰ ጥፋት ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የኖረ ባቲላሜራ ሠራተኛ ይህን ለማየት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፦ ጎንበስ ይላል፣ ዓይኑን ከበሩ ጋር እኩል ያደርጋል፣ ብርሃኑ በላዩ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ያያል። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ትንሽ የእጅ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ ብታበሩ፣ ወፍራም ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ተሰብስቦ የፈጠረው ጉድጓድ፣ ስቱኮ ተሞልቶ ሳይደርቅ የተፈተገ ቦታ ሁሉ ይወጣል። ሳይደርቅ የተፈተገ ስቱኮ ከወራት በኋላ ስለሚሰበሰብ፣ ሥራው ቆየት ካለ በኋላ ማየት ከተቻለ ፍርዱ የበለጠ እውነት ይሆናል።

የበር ክፍተት እውነተኛው መኪና ላይ አምስት ሚሊሜትር ቢሆን ሞዴሉ ላይ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ነው። የድሮ ኪት መስመር ብዙውን ጊዜ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው። ቀለም ከመቀባቱ በፊት በስለት ጀርባ ጠለቅ ተደርጎ የተቆፈረ መስመር ራሱ ጥላ ይፈጥራል። ያልተቆፈረውን በጥቁር ቀለም መሙላት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ነጭ ወይም ክሬም መኪና ላይ ጥቁር መስመር ካያችሁ ሠሪው ጥላውን ቆፍሮ ሳይሆን ስሎ ነው ያመጣው።

አሁን ወደ ኋላ ተመለሱና መኪናውን ከፊት ለፊት፣ በጠረጴዛው ከፍታ እዩት። አራቱም ጎማዎች ወለሉን ነክተዋል? ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከፓራፋንጎው እኩል ገባ ብለዋል? የዚያ ዘመን ብዙ የኤኤምቲ ኪቶች የፊት ጎማዎቹን የሚያያይዙት በአንድ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ነው፤ ዘንጉም ብዙ ጊዜ በሞተሩ መካከል ሰንጥቆ ያልፋል። እውነተኛ መኪና ሞተሩ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም። ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ዘንጉን ቆርጦ፣ ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱን መያዣ የሠራ ሰው ካያችሁ ሥራውን የሚያውቅ ነው። የጎማውን የጎን ነጭ ቀለበትም አትለፉት። በ1957 ነጩ ሰፊ ነበር፤ ቀጭኑ መስመር በብዛት የመጣው ከ1962 ሞዴሎች ጋር ነው። ቸርኬውንም ጠጋ ብላችሁ እዩ። የድሮ ለስላሳ ጎማዎች ውስጥ ያለው ማለስለሻ ኬሚካል እየወጣ የኪቱን ፕላስቲክ (ፖሊስታይሪን) ስለሚያቀልጥ፣ ጎማው ያረፈበት የቸርኬ ጠርዝ ከዓመታት በኋላ ተበልቶ ይገኛል። ጠንቃቃ ሠሪ በሁለቱ መካከል ስስ ፎይል ያስገባል።

ቀለም ላይ ብዙ መቆየት እወዳለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። አዳራሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያብረቀርቀው መኪና ምርጥ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። የእውነተኛ መኪና ቀለም ውፍረት ወደ 1/25 ሲቀነስ የሚቀረው ምንም ያህል አይደለም፤ ስለዚህ ሞዴል ላይ የሚቀባ ቀለም ሁሉ ከልክ በላይ ወፍራም ነው፣ የሠሪው ሙያም የቻለውን ያህል ማሳሳት ነው። ለማወቅ ከፈለጋችሁ የኋላ ፓራፋንጎው ላይ የተቀረጸችውን የቤል ኤር ጽሑፍ እዩ። ፊደሎቹ ተለይተው ይነበባሉ? ወይስ በማር ውስጥ የወደቁ ይመስላሉ? የበሩ መስመር ጫፍ ክብ ሆኗል ወይስ ስለታም ነው? ከዚያ ላዩን እዩ። የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ሻካራነት ካለ ቀለሙ ሳይዘረጋ ደርቋል። ይህን የሚያስተካክሉት ከ3200 ጀምሮ እስከ 12000 በሚደርስ የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያሹ ነው፤ አደጋው ደግሞ ከፍ ያሉት ጠርዞች ላይ ነው። የክንፉ ጫፍና የኮፈኑ ማዕዘን ላይ ከስር ያለው ፕራይመር ብቅ ካለ ማሻሸቱ ከልክ አልፏል። ብልጭታ ያለው ሜታሊክ ቀለምም መጠኑን ይከዳል፤ አንዷ ብልጭታ ለብቻዋ ከታየች፣ በእውነተኛው መኪና ላይ የሳንቲም ያህል ሆናለች ማለት ነው። ትሮፒካል ተርኮይዝ አካል ላይ ኢንዲያ አይቮሪ ጣሪያ የተቀባ የ57 ቤል ኤር ስታዩ፣ ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበት ድንበር በጥፍር የሚዳሰስ እርከን ያለው ሆኖ ከታያችሁ ነጥብ ቀንሱ።

ክሮሙ ሌላው መፈተኛ ነው። በ1957 መኪና ላይ ክሮም በሁሉም ቦታ አለ፦ በመስታወቱ ዙሪያ፣ በጎኑ ርዝመት፣ በክንፉ ጫፍ። ኪቱ ላይ ይህ ሁሉ ከአካሉ ጋር የተቀረጸ ጉብታ ነው፤ የሚሸፈነውም ማጣበቂያ ባለው እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ፎይል ነው። ፎይሉ ያልተሸበሸበ፣ ጠርዙ እንደ ክር የተቆረጠ መሆኑን ማንም ያያል። ጥቂት ሰው የሚያየውን ልንገራችሁ። የጎኑ ጌጥ በእውነተኛው መኪና ላይ የበሩ ክፍተት ጋ ይቋረጣል፤ በሩ ሲከፈት አብሮት ይሄዳልና። ፎይሉ ክፍተቱን ተሻግሮ በአንድ ቁራጭ ከተለጠፈ በሩ የማይከፈት በር ይሆናል። ጥሩ ሠሪ ፎይሉን እዚያ ይቆርጠውና ወደ መስመሩ ውስጥ ያስገባዋል። የመኪናው ስም የተጻፈበትን ደቃቅ ጌጥ በተመለከተ ደግሞ የታወቀ ዘዴ አለ፦ ፎይሉን ከቀለም በፊት ጽሑፉ ላይ ይለጥፉታል፣ ከዚያ መኪናውን በሙሉ ይቀቡታል፣ በመጨረሻም በፊደሎቹ አናት ላይ ያለውን ቀለም ብቻ ቀስ ብለው ያነሡታል። ብሩህ ፊደል ከቀለሙ ውስጥ ይወጣል። በትክክል የተሠራ ሲሆን ብሩሽ የነካው አይመስልም፤ እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ ይበልጥ የምወደው ይህንን ነው።

ፓራውልቱና ግሪሉ ፋብሪካው ራሱ ክሮም ቀብቷቸው በሳጥኑ ውስጥ ይመጣሉ። ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም የተቆረጡበት ጠባሳ ግን ይቀራል፤ ከክሮሙ ስርም የሞልዱ መስመር አለ። ለዚህ ቆራጥ መሆን ያስፈልጋል፦ ክሮሙን በበረኪና አጥቦ ማውጣት፣ መስመሩን መፈተግ፣ በሚያብለጨልጭ ጥቁር ላይ አዲስ ክሮም መርጨት። የቤል ኤር ግሪል ወርቃማ መሆኑን ያስታወሰ ሠሪም መኪናውን አጥንቷል።

መስታወት ላይ አጭር ልሁን። የኪቱ መስታወት አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል የሆነ መስታወት ነው፤ በስስ ግልጽ ፕላስቲክ የተተካ ከሆነ መልካም፣ ካልተተካ ቢያንስ ጠርዙ የማይታይ፣ ሙጫ ያላጨጎገው መሆን አለበት።

አሁን ኮፈኑ ይከፈት። የሼቭሮሌቱ ቪ8 ዲስትሪቢተሩ ያለው ከኋላ፣ ከተሳፋሪው ክፍል ግድግዳ አጠገብ ነው። ከእርሱ ስምንት ገመድ ወደ ካንዴላዎቹ፣ አንድ ደግሞ ወደ ቦቢናው ይሄዳል። የእውነተኛው ገመድ ውፍረት ሰባት ሚሊሜትር ቢሆን ሞዴሉ ላይ ወደ 0.28 ሚሊሜትር ይሆናል። ከዚህ የወፈረ ገመድ ያለበት ሞተር ዝርዝሩ ምንም ቢበዛ የአትክልት ማጠጫ ጎማ የተጠመጠመበት ይመስላል። አራቱ ገመዶች በአንድ ጎን፣ አራቱ በሌላው መውረዳቸውን ቁጠሩ። ሞተሩ የሚተኩስበት ቅደም ተከተል 1-8-4-3-6-5-7-2 ነውና፣ ይህን የተከተለ ሰው ገመዶቹ ከዲስትሪቢተሩ ሲወጡ ከጎን ወደ ጎን ይሻገሩበታል። በቅደም ተከተሉ መሠረት የተዘረጋ ገመድ ለዓይንም ያምራል፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው እንኳን ልክነቱ ይሰማዋል።

ከዚህ ውጪ የተጨመረ ነገር ሁሉ ነጥብ ያስገኛል ብላችሁ አታስቡ። በ1963 እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተው የፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ውድድሮች ላይ መሠረታዊው አገጣጠም ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ የተስተካከለ፣ መጋጠሚያው የማይታይ፣ ሙጫ ያልፈሰሰበት መሆኑ መጀመሪያ ይታያል፣ ዝርዝሩ ቆይቶ ይመጣል። እኔም ይህን ሥርዓት ሙሉ በሙሉ እደግፈዋለሁ። ከሳጥኑ ውስጥ ካለው በቀር ምንም ያልተጨመረበት፣ ግን ንጹሕ የሆነ ኤኤምቲ፣ በመቶ የብረት ቁራጭ ካጌጠና በአንድ ጎኑ ካዘነበለ መኪና ይበልጥብኛል።

በመጨረሻ፣ ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ ሌላ የአሜሪካ ከተማ ውስጥ የምትኖሩ አንባቢዎች በአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ከዘመናት በፊት አንድ ልጅ የገጣጠመው፣ ሙጫ የተለቀለቀ መኪና ሊገጥማችሁ ይችላል። ለመታደስ የሚበቃ መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ ጣሪያውን ከጎን እዩት። ቀደምቶቹ የማስታወቂያ ሞዴሎች አሲቴት ከተባለ ፕላስቲክ ስለተሠሩ ይጎብጣሉ፤ የጎበጠውን የሚያቃና ሁነኛ ዘዴ የለም፣ ተዉት። ፖሊስታይሪን ከሆነ ግን ተስፋ አለው፦ የድሮ ሙጫ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ተሰባሪ ይሆንና መጋጠሚያው ይለቃል፣ ቀለሙም በፍሬን ዘይት ይወጣል። የታደሰውን ስትዳኙ ደግሞ ወደ ፊተኛው የጣሪያ ምሰሶ ሂዱ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰበረው እርሱ ነው። የተተካው ምሰሶ ከጓደኛው በጥቂቱ እንኳን ቢያጥር ወይም ቢያዘነብል የፊት መስታወቱ አይገጥምም። መስታወቱ በዙሪያው ሁሉ እኩል ተቀምጦ ካገኛችሁት ምሰሶውን የተካው እጅ ጥሩ እጅ ነው።