ኮምፒዩተር ሲነሣ ስለሚቀሰቀሱ አገልግሎቶች

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ፕሪንተሩ እንቢ ያለ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው መድኃኒት ፎርማት ነው። ይህን ልማድ እንነቅፋለን፤ የባለጉዳዩ ጽሑፍ ይጠፋል፤ የችግሩም መነሻ ሳይታወቅ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ከዊንዶውስ 7 ወዲህ አንድ አገልግሎት መሣሪያው ሲገኝ ብቻ እንዲነሣ ማድረግ ይቻላል። በሊኑክስም ዩዴቭ መሣሪያውን ሲያገኝ ለሲስተምዲ ያስታውቃል፤ ሲስተምዲም አገልግሎቱን ይቀሰቅሳል። እንግዲህ «ቆሟል» የተባለ አገልግሎት ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ መሣሪያውን እየጠበቀ ይሆናል። አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ሽቦው፣ ሶኬቱና ድራይቨሩ፣ ቀጥሎም የአነሣሡ መዝገብ ነው።

ሁለተኛው ነቀፋችን በባለሙያዎቹ ላይ ነው። በሊኑክስ «ሴትል» የተባለው ትእዛዝ፣ ተራ የያዙት የመሣሪያ ማስታወቂያዎች እስኪያልቁ፣ ሌላ ልክ ካልተሰጠው እስከ 120 ሴኮንድ፣ ያስጠብቃል። በዩኤስቢ የሚሰካ ዕቃ ግን መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? የቡሬ ነጋዴ ገበያተኛው ሁሉ እስኪሰበሰብ ሱቁን ዘግቶ ቢቀመጥ ምን ሊሸጥ ነው? የሲስተምዲ መመሪያ ራሱ በዚህ የመጠበቂያ አገልግሎት መጠቀምን አይመክርም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ቀድሞ፣ ፕሪንተሩ ኋላ በሚበራበት ቤት ደግሞ መጠበቁ ከንቱ ነው፤ ፕሪንተሩ በታየ ጊዜ አገልግሎቱን የሚቀሰቅስ አንድ መስመር የዩዴቭ ደንብ ይበልጣል።