ሣቅና አጥር፤ «ካዲሻክ» ስለ ተባለው ፊልም

ሣቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የትዕቢተኛውን ገመና ይገልጣል፤ ሁለተኛው የተበደለውን ሰው ብሶቱን አስረስቶ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል። ሃሮልድ ራሚስ ያዘጋጀው፥ በ1972 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980) በአሜሪካ የወጣው «ካዲሻክ» የተባለው ኮሜዲ ሁለቱንም ሣቅ አጣምሮ ስለ ያዘ፥ መመርመር የሚገባው ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡሽውድ በሚባል፥ ለተመረጡ ሰዎች ብቻ በተከለለ የጎልፍ ክበብ፥ ስሜይልስ የተባለ የፍርድ ቤት ዳኛ እንደ ፈቀደው ያዝዛል። ዳኒ የተባለው ድኻ ወጣት ደግሞ ካዲ፥ ማለት የተጫዋቾችን ዱላ ተሸካሚ ነው፤ ክበቡ ለካዲዎች የሚሰጠውን የኮሌጅ ነፃ ትምህርት ለማግኘት ሲል ዳኛውን ደጅ ይጠናል። በዚህ መካከል አል ቼርቪክ የተባለ፥ በሕንፃ ሥራ የበለጸገ፥ አለባበሱም አነጋገሩም ልጓም የሌለው እንግዳ ገብቶ ክበቡን ያተራምሰዋል። ሮድኒ ዴንጀርፊልድ ይህን ሰው ሆኖ ሲጫወት ሣቁን መግታት ያስቸግራል። ዳኛው አባልነትን ቢነፍገው፥ እንግዳው ቦታውን ገዝቶ ኮንዶሚኒየም እንደሚሠራበት ይዝትበታል።

እኛ በነፋስ ስልክ ላፍቶ የምንኖር ሰዎች ይህን ስንሰማ መገረማችን አልቀረም። በጀሞና በጎፋ ኮንዶሚኒየም ማለት ብዙ ሰው ዕጣ ይወጣልኝ ይሆናል እያለ የሚጠብቀው ቤት ነው፤ ለቡሽውድ ጌቶች ግን ማስፈራሪያ ነው። ይሁን እንጂ እንግዳው ራሱ ባለጸጋ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በሩን የገፋው በገንዘቡ ነው፤ የአጥሩ ባለቤት ቢለወጥ ደግሞ አጥሩ አይፈርስም።

ከፊልሙ ሁሉ እውነተኛ ሆኖ የታየን የመዋኛው ትርዒት ነው። ካዲዎቹ በገንዳው እንዲዋኙ የተፈቀደላቸው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህም የገናን ጨዋታ አስታወሰን። በገና ዕለት ሎሌ ጌታውን ቢዘልፍ፥ በጨዋታም ቢያሸንፈው፥ ጌታው እንዳይቆጣ ልማዱ ያዝዛል። የአባቶቻችንም ልማድ ቢሆን ከበዓሉ አልፎ ለዓመቱ አይበቃም፤ ነገር ግን ጌታና ሎሌ ያችኑ ጥንግ በየዱላቸው ይመታሉ። በቡሽውድ ግን አንዱ ይመታል፥ ሌላው ይሸከማል።

ትልቁ ጉድለት የሚገኘው በድርሰቱ ነው። ከሦስቱ ደራስያን አንዱ ብራያን ዶይል መሪ በልጅነቱ ራሱ ካዲ ነበረ፤ ድርሰቱም በመጀመሪያ የታቀደው በካዲዎቹ ኑሮ ላይ ነበር። ፊልሙ ሲነሣና ሲቀናበር ግን የታወቁት ቀልደኞች ከልባቸው እያፈለቁ የጨመሩት ጨዋታ ቦታውን ወሰደው። እንግዳ ሲበዛ የቤቱ ልጅ ተረሳ ማለት ነው።

በመጨረሻው ውድድር ዳኒ ነፃ ትምህርቱን እንደሚያጣ እያወቀ ከዳኛው ተቃራኒ ወገን ይሰለፋል። ይህ ድፍረት ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ቼርቪክ ወሮታውን እንደሚከፍለው ቃል ስለ ገባለት፥ ልጁ ከአንድ ጌታ ደጅ ወደ ሌላ ጌታ ደጅ ተሻገረ እንጂ ደጅ ከመጥናት አልዳነም። ኳሲቱም ከጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሳ ከቆመች በኋላ የምትገባው፥ የሜዳው ጠባቂ ፍልፈል ለመግደል ያጠመደው ፈንጂ መሬቱን ስላናወጠው ነው። ድሉን የሰጠው ዕድል ነው፤ ሕግም ጥበብም አይደለም።

ስለዚህ ፊልሙን ያላየ ሰው ቢያየው ይደሰታል እንላለን፤ የዳኛውን ትዕቢት በሚገባ አዋርዷልና። የአገራችን የኮሜዲ ደራስያን ግን ከጉድለቱም እንዲማሩ እንመኛለን። በየሠፈራችን አጥርና ዘበኛ ያለው በር እየበዛ ነው። በዚህ በር የሚቀልድ ደራሲ፥ ሕዝቡን ካሳቀ በኋላ፥ ዱላ ተሸክሞ ከውጭ የቆመውን ልጅ ረስቶት እንዳይሄድ አደራ እንላለን።