የአንድ ቀን እኩልነት

ሰው ለሚያከብረው ነገር ቀን መሰየሙ የቆየ ልማድ ነው፤ መልካምም ነው፤ የተረሳውን ያስታውሳልና። ለሰው ልጅ መብትና ለእኩልነት ከተሰየሙት ቀኖች ሦስቱ ሠራተኛውን በቅርብ ይነኩታል። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነው፤ የካቲት 29 የሴቶች ቀን ነው፤ ታኅሣሥ 1 ደግሞ የሰብአዊ መብት ቀን ነው፤ ይኸውም የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ1941 ዓ.ም. በፓሪስ ተቀምጦ የመብቶችን መግለጫ ያጸደቀበት፥ ኢትዮጵያም የድጋፍ ድምፅዋን የሰጠችበት ቀን ነው። የሠራተኛ ማኅበር እነዚህን ቀኖች ሲደግፍ ባይ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ድጋፉ እስከ ማን ድረስ ይደርሳል ብዬ እጠይቃለሁ።

ይህን ድጋፍ የሚያቃልል ሰው ያለፈውን ዘንግቷል። በአገራችን በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ይናቅ ነበር፤ ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ፋቂውን፥ ሸክላ ሠሪዋን በስድብ ስም መጥራት እንደ ጨዋነት ይቈጠር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ፤ ይሁን እንጂ ዐዋጅ አፍን ቢዘጋ ልብን ቶሎ አይለውጥም። ክብሩን በኅብረት የጠየቀው ሠራተኛው ራሱ ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1966 ዓ.ም. የካቲት ወር ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ በጠራ ጊዜ ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚባል የደመወዝ ወለል እንዲወሰን ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላም በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ የወላድ ሠራተኛ ፈቃድ ከ90 ቀን ወደ 120 ቀን ከፍ አለ። እንግዲህ ስለ እኩልነት መናገር ለማኅበር ያምርበታል።

ሆኖም ሚዛን የሚፈተነው ትንሹን ነገር ሲመዝን ነው፤ ስለዚህ የዚህን ድጋፍ ልክ በተወለድሁበት አገር ልለካው። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ፥ ከጉና ደጋ እስከ በሽሎ ቈላ፥ ለወላጅ ያልበቃ መሬት ለልጅ አይተርፍም። ወንዱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል፤ ልጃገረዲቱ በዘመድ ወይም በደላላ እጅ ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ጎንደር፥ ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ከሰው ቤት ትገባለች። ዶሮ ሳይጮህ ትነሣለች፤ ቤተ ሰቡ ከተኛ በኋላ ትተኛለች። ደመወዟን አንዳንዱ «ይቀመጥልሽ» እያለ ያቆይባታል፤ ልትሄድ ስትል ሒሳቡ ይጠፋል።

እመቤቲቱ ለጎረቤቷ ስትናገር «ሠራተኛ አገኘሁ» ትላለች። ሠራተኛ የሚለውን ስም ሁሉም ይሰጣታል፤ ስሙ የሚያስገኘው መብት ግን ከደጃፉ ይቀራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ቤት የሚያድር ሠራተኛ ጤንነቱና ምግባሩ እንዲጠበቅ ያዝዛል። የ2011ዱ ዐዋጅ ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከራሱ አወጣ፤ የዚህን ሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስን ይችላል ብሎ አለፈ። በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ዐሥር ሠራተኛ ያስፈልጋል። በአንድ ጓዳ ዐሥር የቤት ሠራተኛ የሚቀጥር ማን አለ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ይህች ልጅ ግን በየቤቱ የተበተነች ነጠላ ፈትል ናት።

ነቀፌታዬ ይህ ነው። የማኅበር አባል በእኩልነት ቀን ሲያጨበጭብ ውሎ ማታ ከቤቱ ሲገባ፥ ውሃ አቅርባ እጁን የምታስታጥበው ያች የእስቴ ልጅ ናት። በዓሉን አላየችም፤ ልጅ ስትጠብቅ ውላለችና። ይህን ሰው ግብዝ ብዬ ለመስደብ አልቸኩልም፤ በፋብሪካው የተማረውን ከደጃፉ አሻግሮ እንዲያስገባ የጠየቀው የለምና። መጠየቅ የሚገባው ግን የገዛ ማኅበሩ ነበር። እኛም የአገሯ ሰዎች ከወቀሳው አናመልጥም፤ ልጅቱን ለደላላ ስንሰጥ የሥራ ሰዓቷንና የዕረፍት ቀኗን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነንና።

ስለዚህ ማኅበራት በሚመጣው በዓል ከንግግሩ ቀድመው ሦስት ነገር ቢያደርጉ እመክራለሁ። አንደኛ፥ አባሎቻቸው በየቤታቸው ላለችው ሠራተኛ ደመወዟን በየወሩ በእጇ እንዲሰጡ፥ የዕረፍት ቀንና የማታ ትምህርት ጊዜ እንዲፈቅዱላት ቃል ያስገቡ። ሁለተኛ፥ ዐዋጁ ያመለከተው ደንብ የቤት ሠራተኛን የሚጠብቅ እንዲሆን ከደመወዙ ወለል ጥያቄ ጋራ አስተባብረው ይጠይቁ። ሦስተኛ፥ አቤት የምትልበት አንድ ክፍል ከጽሕፈት ቤታቸው ይክፈቱላት።

አንባቢዬ ሆይ፥ የማኅበር አባል ብትሆንም ባትሆንም፥ ከቤትህ የምታገለግል ልጅ ካለች ይህ ነገር አንተንም ይመለከታል። የወሯን ደመወዝ ዛሬ ቈጥረህ ስጣት፤ ታኅሣሥ 1 እስኪደርስ አትጠብቅ።