የምጽዋ ምሽጎችና ከየብስ የመጣው ጠላት

የባሕር ዳርቻ ምሽግ፣ ማለትም ጠላት ከመርከብ ወርዶ የብስ እንዳይረግጥ በወደብ ዙሪያ የሚዘረጋው የግንብ፣ የመድፍና የፈንጂ መከላከያ፣ በኢትዮጵያ ታሪክ ሲነሣ ቀድማ የምትታወሰው ምጽዋ ናት። የከተማይቱ የውጊያ ታሪክ ሲመረመር ግን ምሽጎቿ በተግባር የተፈተኑት በአመዛኙ ከባሕር በመጣ ወራሪ ሳይሆን ከደጋው በወረደ ሠራዊት መሆኑ ይታያል፤ ይህም ስለ ባሕር በር የሚደረገው የአዲስ አበባ ክርክር እምብዛም ያላተኮረበት ነጥብ ነው። በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦስማን ቱርኮች በ1557 ምጽዋንና በአጠገቧ የምትገኘውን ሕርጊጎን ከያዙ ወዲህ የወደቡ ጌቶች ተፈራርቀዋል፤ ቱርክ ለግብፅ ለቀቀች፣ ጣሊያንም በፌብሩዋሪ 1885 በብሪታንያ በጎ ፈቃድ ያለ ውጊያ ገባች። ከባሕር የመጣው ኃይል ያለ ተኩስ የገባበት ወደብ ምሽጉን አጠናክሮ የገነባው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰሐጢ በኩል ነበር፤ የሚፈራው የመረብ ምላሽ ገዥ ራስ አሉላ ነበሩና። አሉላ በጃንዋሪ 25 ቀን 1887 የሰሐጢን ምሽግ አጥቅተው አልተሳካላቸውም፤ በማግስቱ ግን ለዚሁ ምሽግ ርዳታ ይዞ ይጓዝ የነበረውን፣ በዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራውን አምስት መቶ ያህል ጦር ዶጋሊ ላይ ደመሰሱት። ለምሽግ ታሪክ ከድሉ ገናናነት ይልቅ የሁለቱ ቀናት ልዩነት ያስተምራል፦ አጥሩ ቆመ፣ አጥሩን የሚመግበው መንገድ ግን ተቆረጠ። ጣሊያኖችም ትምህርቱን አልሳቱትም፤ በተከታዩ ዓመት ከሃያ ሺህ የማያንስ ጦር አስፍረው፣ የባቡር ሐዲድ እስከ ሰሐጢ ዘርግተው ስለጠበቁ፣ አፄ ዮሐንስ ፬ኛ ብዙ ሠራዊት ይዘው ቢወርዱም ምሽጉን ሳያጠቁ ተመለሱ።

በ1941 ደግሞ ከተማይቱ የጣሊያን የቀይ ባሕር ጦር ሰፈር ስትሆን የባሕር መድፎችና ፈንጂዎች ይጠብቋት ነበር። የብሪታንያና የነፃ ፈረንሳይ ኃይሎች ግን ከረንና አስመራን ከያዙ በኋላ በየብስ ወረዱባት። የቀሩት የጣሊያን አጥፊ መርከቦች ፖርት ሱዳንን ለመምታት ወጥተው ከፊሎቹ በአውሮፕላን ጥቃት፣ ከፊሎቹም በራሳቸው ሠራተኞች እጅ ሲጠፉ፣ የጣሊያኑ አዛዥ አድሚራል ቦኔቲ በኤፕሪል 8 ቀን እጃቸውን ሰጡ፤ ወደቡም ሆን ተብሎ እንዲሰጥሙ በተደረጉ መርከቦች ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት በፌብሩዋሪ የወደቀችው ሲንጋፖርም ከዚህ ብዙ አትርቅም፤ ከባድ መድፎቿ በዋናነት ለባሕር ውጊያ የታሰቡ ሲሆኑ፣ ጃፓኖች የመጡት ከሰሜን፣ በማላያ ምድር በኩል ነበር።

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ፣ በ1955 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መሠረቱን በዚሁ ወደብ ላይ ጣለ። በፌብሩዋሪ 1990 ለኤርትራ ነፃነት ይዋጋ የነበረው ሻዕቢያ «ፈንቅል» ብሎ በሰየመው ዘመቻ ወደቡን ሲያጠቃ፣ ፈጣን ጀልባዎችን ቢያሰልፍም ዋናው ግፊት የመጣው ከየብስ ነው። የመንግሥቱ ጦር ዋናውን ምድር ለቆ ወደ ጥዋለትና ምጽዋ ደሴቶች ሲያፈገፍግ፣ ከየብስ ጋር የሚያገናኘው ጠባብ የድልድይ መንገድ ብቻ ስለነበር፣ በተፈጥሮ ምሽግ የነበረው ደሴት የወጥመድ ያህል ጠበበ፤ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማም እዚያው ሕይወታቸው አለፈ።

ይህ ሁሉ የኢትዮጵያ እውነተኛ የባሕር ምሽግ ተራራው ነው የሚለውን የተለመደ አስተያየት የሚደግፍ ይመስላል፤ አስተያየቱ ግን ግማሽ እውነት ነው፤ ዳርቻውን የያዘ ጠላት ተራራውንም መውጣት ይችላልና። ዳርቻው በእጃቸው ያልነበረው አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ጎትተው መቅደላን ሲያጠነክሩ፣ የብሪታንያው ጄኔራል ናፒየር በ1868 ዙላ ላይ ያለ ተከላካይ አረፈ። መሰላል የመሰለውን ዳገት ያሸነፈው ተዋጊ ብቻ አይደለም፤ ወደቡ ላይ የተሠራው የመርከብ ማራገፊያ፣ ሐዲዱና ከሕንድ የመጡት ዝሆኖች ጭምር ናቸው። በ1935 ደግሞ የስዊዝ ቦይ ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ሲቀር፣ ምጽዋ ለወረራው ጦር ሰውና ጥይት እያራገፈች ማይጨው ድረስ መገበችው።