የኤሌክትሮላይት ውጤት አነባበብ ሲፈተሽ

በሕክምና ትምህርት ስለ ኤሌክትሮላይት ሲነሣ ትኩረቱ ሁሉ በበሽታው ላይ ነው። የሶዲየም መደበኛ ልክ ከ135 እስከ 145፣ የፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል በሊትር መሆኑን ተማሪው በቃሉ ያጠናል፤ ደሙ ከክንድ ወጥቶ መመርመሪያ መሣሪያው እስኪደርስ ስለሚገጥመው ነገር ግን እምብዛም አይነገረውም። ላቦራቶሪው ከሕሙማን ክፍል አጠገብ በሆነበት ሆስፒታል ጉድለቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ቆላማዋ ጎብዬ የተቀዳ ደም ወደ አንዱ ሆስፒታል ሲላክ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ፖታሲየም በሴረሙ ካለው ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ደሙ ሳይለይ በሙቀት ሲቆይ የሕዋሱ ፓምፕ ስለሚበረታ ፖታሲየሙ በመጀመሪያ ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል፤ በናሙናው ያለው ስኳር ሲያልቅ ደግሞ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ሙቀቱን በመሥጋት ቱቦውን ከክትባት ጋር በበረዶ ሣጥን ማስቀመጥም መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም የባሰ ነው። ቅዝቃዜ ፓምፑን ስለሚያዳክም ፖታሲየሙ ይሾልካል፤ ሕዋሱ ስላልፈረሰ ሴረሙ አይቀላም፤ የላቦራቶሪ ባለሙያውም በዓይኑ አይቶ ናሙናውን ሊጥል አይችልም።

በሐሰት ከፍ ያለ ፖታሲየም ያለ አግባብ ኢንሱሊን እንዲሰጥ ማድረጉ ብዙ ተብሎበታል። እጅግ የሚያሳስበው ግን መደበኛ መስሎ የሚታየው ቁጥር ነው። ተቅማጥ አድክሞት ፖታሲየሙ 2.8 የወረደ ሕፃን፣ ደሙ በመንገድ ሲቆይ 4 ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ሆዱ ተነፍቶ፣ አንገቱን ማቅናት ተስኖት እየታየ ወረቀቱ «ደኅና ነው» ይላል፤ ሐኪሙም ወረቀቱን ያምናል።

ሶዲየም በመዘግየት እንዲህ አይዛባም። እርሱን የሚያበላሸው ግሉኮስ ከተሰካበት ክንድ መቅዳት ነው፤ ሶዲየሙ ያለ ልክ ወርዶ ይነበባል።

ሴንትሪፊዩጅ ባለበት ጤና ጣቢያ ደሙ ከረጋ በኋላ ሴረሙን ለይቶ እርሱን ብቻ መላክ ይቻላል። በመጠየቂያ ቅጹ ላይ የካርድ ቁጥርና ፊርማ ይሟላሉ፤ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የፈሳሽ እጥረት ሕክምናም ውጤት አይጠብቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የኦ.አር.ኤስ. ቀመር በአንድ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊሞል ፖታሲየም አለ፤ መጠጣት የሚችል ሕፃን ቱቦው ገና መንገድ ላይ ሳለ ሊጀምረው ይችላል።